ውዳሴ ባነር

ሰኔ ሲጋመስ ድሬዳዋን ሁለት ነገር ይወርራታል፤ ሙቀትና የምርቃት ባነር። ሙቀቱ በቬንትሌተር ይቻላል። ባነሩን ግን ማን ይችለዋል? ደግሞስ ለምን ይቻል? ከሳቢያን እስከ ከዚራ በየአጥሩ የተወጠረ ፊት እያየ የሚውል ከተማ ብቸኝነት አያውቅም።

ከባነር ሰቃዮች ሁሉ ላቅ ያለ ምስጋና የሚገባው የሚዲያ፣ የዲዛይንና የኮሙኒኬሽን ተመራቂ ቤተሰብ ነው። የኢንጂነር ባነር ቢበላሽ ድልድይ አይፈርስም። የዚህች ልጅ ባነር ግን አራት ዓመት የተማረችውን በ3 ሜትር በ1 ሜትር ሸራ ላይ አንድ በአንድ ይሽረዋል። እንዲህ ያለ የመመረቂያ ሥራ መምህራኖቿም አስበውት አያውቁም።

ጥበቡ የሚጀምረው ልጅቷን ባለመጠየቅ ነው። ሙሽራ ለሰርጓ ሽንኩርት አትከትፍም። ሥራው የሚሰጠው «ኮምፒውተር ለሚችለው» ለአክስቷ ልጅ ነው፤ ያውም በዋዜማው፣ ማተሚያ ቤቱ ሊዘጋ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው። «አቦ አንተ ደግሞ! አስር ደቂቃ አትፈጅብህም።» እውነትም አትፈጅም።

ፎቶ መረጣ ላይ ችሎታው ይታያል። ልጅቷ ስልክ ውስጥ ብቻዋን የቆመችበት፣ በ12 ሜጋፒክስል የተነሳ፣ 4,000 በ3,000 ነጥብ (ፒክስል) የሆነ ፎቶ አለ። ቁመቱን 1 ሜትር ላይ ቢዘረጉት በኢንች 76 ፒክስል ይደርሳል፤ ከመንገድ ማዶ ለሚታይ ነገር ከበቂ በላይ ነው። ስለዚህ እሱ ይቀራል። የሚመረጠው ከአስራ ሁለት ጓደኞቿ ጋር ተደርድራ የተነሳችው ነው፤ ያውም እንደ ፋይል ሳይሆን እንደ ፎቶ በቴሌግራም የተላከው። ቴሌግራም ካልከለከሉት ረጅሙን ጎን 1,280 ፒክስል አድርጎ ያሳንሰዋል። ይህ ለአስራ ሦስት ሰው ሲካፈል ለልጅቷ ፊት 60 ፒክስል ቢደርስ ነው። ያንን ቆርጦ 60 ሳንቲሜትር ያደረገ ሰው እያንዳንዱን ፒክስል 1 ሳንቲሜትር አድርጎታል። የሚወጣው የሐረር ስፌት ነው። ከቅርብ ሲያዩት ጥለቱ ያምራል፤ የማን ልጅ እንደሆነች ለመለየት ግን የደቻቱን ወንዝ መሻገር ያስፈልጋል።

የዩኒቨርሲቲው አርማ ደግሞ «ጀርባው ባዶ ነው» ተብሎ ከኢንተርኔት ይወርዳል። ባዶ አይደለም። ባዶነትን ለማሳየት የሚሳለው ግራጫና ነጭ የዳማ ገበታ አብሮ ይታተማል። ዳማ ለሚወድ ሰፈር ይህም በረከት ነው።

ወደ ፊደል እንምጣ። ኒያላ የሚባለው የአማርኛ ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ሲመጣ ደማቅ የሚባል ወንድም አልነበረውም። የአክስት ልጅ ይህን የማይክሮሶፍት ስንፍና በአንድ ጣት ያርመዋል። ማድመቂያዋን «ቢ» ይጫናል፤ ኮምፒውተሩም ጠርዙን ዝም ብሎ ያወፍራል፤ የ«ሙ» እና የ«ጭ» ቀዳዳ ይደፈናል። ከዚያ ነጭ ጠርዝ፣ ከነጩ ውጭ ቀይ ጠርዝ፣ ከቀዩ ኋላ ጥላ። በድሮው ፓወር ግዕዝ ከተጻፈማ ነገሩ የበለጠ ይጣፍጣል። ያ ፎንት የላቲን ፊደሎችን አማርኛ አልብሶ ነው የሚያቆማቸው፤ ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ከሌለ ልብሳቸው ይወልቅና «እንኳን» የሚለው ቃል የፈረንጅ ስድብ መስሎ ይወጣል። ባነሩ በሚሠራበት ፕሮግራም፣ በኮረል ድሮው፣ ኮንትሮልና ኪው ተጭኖ ጽሑፉን ወደ ከርቭ፣ ማለትም ፎንት ወደማይፈልግ ሥዕል መለወጥ ሁለት ሰከንድ አይሞላም። ግን ሁለት ሰከንድ ከየት ይመጣል? አምና ለአንድ ወንድ ልጅ የተሠራው ባነር ላይ ስሙን አጥፍቶ የእሷን መጻፍ አለ። «እንኳን ደስ አለህ/ሽ» የሚለውስ? ለሁሉም ይሆናል፣ ይቀመጥ።

ይህ ሁሉ መግቢያ ነው። የባነራችን ዋና ክብሩ ባዶ ቦታ የሌለው መሆኑ ነው። ክፍል ውስጥ «ባዶ ቦታ ዓይን የሚያርፍበት ነው» ብለው ያስተምራሉ። እናት ግን ሸራውን የገዙት በካሬ ነው፤ ባዶ መተው ለእሳቸው እንጀራ ገዝቶ ግማሹን ባለሱቅ ጋ ጥሎ እንደመምጣት ነው። «እዚህ ጋ ክፍት ነው፣ አበባ ጣልበት!» ጽጌረዳ ይገባል። ጽጌረዳው ብቻውን እንዳይከፋው ርግብ ይገባል። ችቦ፣ የተጠቀለለ ዲግሪ፣ የግቢው በር፣ ርችት። ወጪውን የቻለው የአሜሪካው አጎት ስም ከተመራቂዋ ስም በሁለት ቁጥር ይበልጣል፤ ይህ እንኳ ደንብ ነው፣ ስፖንሰር ይቀድማል።

ኮሙኒኬሽን የተማረ ሁሉ በመጀመሪያው ዓመት ክላውድ ሻነንን ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1948 ላኪን፣ መስመርን፣ ተቀባይንና መሃል የሚገባውን ጫጫታ አስልቶ አስቀመጠ። የሰውዬው ጭንቀት ጫጫታውን አልፎ መልእክቱ እንዴት ይድረስ የሚል ነበር። ድሬ መጥቶ ቢሆን ይገላገል ነበር፤ መልእክቱን ከነጭራሹ አውጥቶ ጫጫታውን በጥራት ማድረስ እንደሚቻል ያይ ነበር።

እንቁጠረው ከተባለም ይቆጠር። በማስታወቂያ ጸሐፊዎች የቆየ ልማድ 2.5 ሳንቲሜትር ፊደል በደንብ የሚነበበው ከ3 ሜትር ያህል ርቀት ነው። አበባውና ርግቡ ከያዙት የተረፈው ቦታ ላይ 60 ቃል ሲጨመቅ ፊደሉ 4 ሳንቲሜትር ቢሆን፣ የሚነበበው ከ5 ሜትር ገደማ ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚበር ባጃጅ በአንድ ሰከንድ 8 ሜትር ያልፋል። እንግዲህ ተሳፋሪው 60 ቃል የሚያነብበት አንድ ሰከንድ የማይሞላ ጊዜ አለው ማለት ነው። የድሬ ሰው ፈጣን ነው፣ አያቅተውም። የድሮው ባቡር ጣቢያ ግንባር ላይ ስሙን ብቻ ጽፈው ዙሪያውን ግድግዳ የተዉት ሰዎች ናቸው የሚያሳዝኑት። ከአደባባዩ ማዶ ይነበባል፣ ይነበባል፤ ግን ርግብ እንኳ የለውም።

አሰቃቀሉም የራሱ ሊቅ አለው። ጠርዙ ታጥፎ በየ50 ሳንቲሜትሩ ቀለበት ቢመታ ለዚህ ሸራ 16 ቀለበት ይበቃዋል፤ ነፋሱም ጉልበቱን ለ16 ያካፍላል። እኛ አራቱ ማዕዘን ላይ አራት መትተን፣ አንዱን ጫፍ ከቆርቆሮው በር ሌላውን ከኒም ዛፉ ጋር በሽቦ እናስራለን። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሳ የላይኛው ማዕዘን ይቀደዳል፣ ባነሩም በግንባሩ ይደፋል። ያኔ አንድ አዋቂ ጎረቤት «ንፋስ ማስወጫ ብሱለት» ይላል። ቢላዋው ጉንጯን ያገኛል።

እሷም ከስሩ ቆማ ፎቶ ትነሳለች። «እንዴት ነው፣ አያምርም?» ይሏታል። ስለ እውነተኛ ዘገባ አንድ ሙሉ ኮርስ የወሰደች ልጅ ናት። «በጣም ያምራል» ትላለች።

የቀረውን ፀሐይ ይጨርሰዋል። ከአራቱ የማተሚያ ቀለሞች ቀድመው የሚሸሹት ቢጫውና ማጀንታው ናቸው፤ ሰማያዊውና ጥቁሩ ይከርማሉ። መስከረም ላይ ባነሩ ቀፊራ ገበያ የሽንኩርት ጥላ ሆኖ ይገኛል። ተመራቂዋ ሰማያዊ ሆና ተዘቅዝቃለች፤ «ህ/ሽ» ብቻ ከጥጉ በኩል ጥርት ብሎ ይነበባል። ሽንኩርት ሻጯ ሸራውን ወዳዋለች፣ ዝናብም አያስገባም። አንድ ቅሬታ ብቻ አላት፤ ቀለበቱ አነሰ።