ተሸናፊው የት ዋለ?

በ2003 ሶማሊላንድ ፕሬዚዳንት መረጠች። ዳሂር ሪያሌ ካሂን 205,595 ድምፅ አገኙ፤ ተቀናቃኛቸው አህመድ ሲላንዮ 205,515። ልዩነቱ 80 ሰው ነው። አንድ አንበሳ አውቶቡስ በጠዋት አጭቆ የሚጭነው ሕዝብ ማለት ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው፤ ወደ ቤታችን ስንመጣ በእኛ እጽፋለሁ።)

ሲላንዮ መጀመሪያ አሻፈረኝ አሉ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ ሽማግሌዎችም መሀል ገቡ። በመጨረሻ እየመረራቸውም ቢሆን ሽንፈቱን ዋጡት። በ2010 ከእኚሁ ሰው ጋር ተወዳድረው አሸነፉ። ሪያሌም ሥልጣኑን አስረክበው ሄዱ።

ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ዴሞክራሲ ስናወራ ክርክራችን ሁሌ እዚያው ይሽከረከራል። ማን አሸነፈ? በስንት ፐርሰንት? ፐርሰንትማ ጅቡቲም አላት። በ2021 እስማኤል ኦማር ጌሌ ከ97 በመቶ በላይ አግኝተዋል። በ2025 የታንዛኒያዋ ሳሚያ ሱሉሁም እንደዚሁ 97 አልፈዋል፤ ዋናው ተቃዋሚ ቱንዱ ሊሱ በአገር ክህደት ተከሰው እስር ቤት ተቀምጠው። ኤርትራን ተዉት፤ ከነፃነት ወዲህ ብሔራዊ ምርጫ ስላልተደረገ ተሸናፊም የለም። እኔ አገሮቹን የማወዳድረው በሌላ ጥያቄ ነው። የተሸነፈው ሰውዬ በማግስቱ የት ዋለ?

ኬንያን እንይ። በታኅሣሥ 2007 ሙዋይ ኪባኪ አሸነፉ ተባለና ሊመሽ ሲል ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ በጥድፊያ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ተቀናቃኛቸው ራይላ ኦዲንጋ ፍርድ ቤት አልሄዱም። ዳኞቹ የኪባኪ ናቸው ብለው ነው። የሚሄዱበት ሲጠፋ ነገሩ ጎዳና ወጣ። ከ1,100 በላይ ሰው አለቀ።

ኬንያውያን ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነገር ነው የሚገርመኝ። የ2010ሩ ሕገ መንግሥት ጠቅላይ ፍርድ ቤት አቋቋመ። የፕሬዚዳንት ምርጫ ክርክር በ14 ቀን ውስጥ እዚያ ያልቃል። በአጭሩ ለተሸናፊ በር ሠሩለት። ራይላ በ2013 በዚያ በር ገቡ፣ ተረቱ። በ2017 ድጋሚ ገቡ። በዳኛ ዴቪድ ማራጋ የሚመራው ችሎት ሥልጣን ላይ ያሉትን የኡሁሩ ኬንያታን ድል ሰረዘው። አፍሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አያውቅም ነበር።

በ2022 ደግሞ ምርጫ ኮሚሽኑ ከ46,000 በላይ ጣቢያዎች የመጣውን የውጤት ቅጽ ፎቶ አንስቶ ኢንተርኔት ላይ ለቀቀው። ላፕቶፕ ያለው ሁሉ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይደምር ጀመር። ራይላ ለአምስተኛ ጊዜ ተሸነፉ፤ ፍርድ ቤት ሄደውም አልቀናቸውም። የ2007ቱ ዓይነት እልቂት ግን አልደረሰም።

ኬንያን ግን አልሸልማትም። በሩ የሚሠራው በብዛት ለትልልቆቹ ነው። በ2017 የተደገመውን ምርጫ ራይላ ረግጠው ወጡ። በቀጣዩ ጥር ኡሁሩ ፓርክ ላይ ራሳቸውን የሕዝብ ፕሬዚዳንት ብለው ቃለ መሐላ ፈጸሙ። ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ከኡሁሩ ጋር ካሜራ ፊት ተጨባበጡ። ኬንያውያን "ሃንድሼክ" ይሉታል። ተሸናፊው መንግሥት ቤት ገብቶ ሻይ ሲጠጣ ማን ይቃወም? በሰኔ 2024 ወጣቶቹ የግብር ሕጉን ተቃውመው ፓርላማ ድረስ የዘለቁት አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለኛል። የጠበቃቸው ጥይት ነው።

ሶማሊላንድም ቅድስት አይደለችም። የ2022ቱ የፕሬዚዳንት ምርጫ ሁለት ዓመት ተገፍቶ ነው በ2024 የተካሄደው። በ2021 ከ82 የፓርላማ ወንበር አንዷን እንኳ ሴት አላሸነፈችም። ቢሆንም ሙሴ ቢሂ ሲሸነፉ ወንበሩን ለአብዲራህማን ኢሮ ለቀው ወጡ።

ኡጋንዳ ላይ ብዙ አልቆይም። በ2021 ተቃዋሚው ቦቢ ዋይን ከምርጫው በኋላ ቤታቸው በወታደር ተከቦ ከረመ። ፕሬዚዳንት ዩዌሪ ሙሴቬኒን ደጋግመው የተፎካከሩት ኪዛ ቤሲጄ ደግሞ በኅዳር 2024 ናይሮቢ ውስጥ ተይዘው ካምፓላ ወታደራዊ ፍርድ ቤት ብቅ አሉ። አዎ፣ በሯን ያመሰገንኳት ናይሮቢ።

ወደ ቤታችን። በ1997 ቅንጅት የአዲስ አበባ ምክር ቤትን 138 መቀመጫ ከአንዱ በቀር ጠራርጎ ወሰደ። ከንቲባ ይሆናሉ የተባሉት ብርሃኑ ነጋና የፓርቲው ምክትል ሊቀ መንበር ብርቱካን ሚደቅሳ ግን ቃሊቲ ገቡ። እንግዲህ አስቡት፣ እነዚህ አዲስ አበባን ያሸነፉ ናቸው። ዓመታት አለፉና ብርሃኑ የትምህርት ሚኒስትር፣ ብርቱካን የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ ሆኑ። እኛ ዘንድ ከቃሊቲ ወደ ወንበር የሚወስድ መንገድ አለ ማለት ነው። በየት በኩል እንደሚያልፍና መቼ እንደሚከፈት ግን ሕግ ላይ አታገኙትም። በመሀሉ በ2002 ኢሕአዴግና አጋሮቹ ከ547 መቀመጫ 545 ያዙ፣ በ2007 ሁሉንም።

በ2013 ምርጫ የባልደራሱ እስክንድር ነጋ እስር ቤት ሆነው ነው ለውድድር የቀረቡት። ቦርዱ አልመዘግብም ሲል ፍርድ ቤት መዝግብ አለው፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፓርቲያቸው ተሸነፈ። በማግስቱ የት ዋሉ ካላችሁኝ፣ እዚያው።