ስለ ሙቀት ቀለም ቅደም ተከተል ትንሽ እርማት

አብሽሩ ወንድሞቼ፣ ለክርክር አይደለም። የጄት ሞዴል (ትንሽዬ አምሳያ) ጭስ ማውጫ ስትቀቡ በጣም የሚግለው ቦታ ቢጫ፣ ራቅ ያለው ሰማያዊ ይሁን የሚለው ነገር ብዙ ሰው እየተቀባበለው ነው ግን ተገልብጧል። ብረት ሲግል ላዩ ላይ ስስ ኦክሳይድ ይሰራል፣ ሙቀቱ ሲጨምር ይወፍራል ቀለሙም ከዛ ነው የሚመጣው፣ ተራ ብረት 220 ዲግሪ አካባቢ ፈዛዛ ቢጫ ከዛ ቡኒ ከዛ ወይን ጠጅ፣ ወደ 300 ሲጠጋ ሰማያዊ። የጄቱ ቅይጥ ሌላ ስለሆነ ዲግሪው ይለያል፣ የቀለሙ ቅደም ተከተል ግን ያው ነው። ደሴም ኮምቦልቻም ያላችሁ ብየዳ ቤት ጎራ በሉና የተበየደ የማይዝግ ብረት እዩ (ሲበየድ አይናችሁን ጠብቁ እንጂ!)፣ ብየዳው ጥግ ሰማያዊ፣ ራቅ ሲል ቢጫ ነው። ኤፍ-100 (የአሜሪካ ተዋጊ ጄት) ሞዴል ላይ ገልብጣችሁ ከቀባችሁት የአካሉ ሲልቨር ቀለም የቱንም ያህል ቢያምር እሳቱ ከተሳሳተ ቦታ የወጣ ነው የሚመስለው።