የሁለት ፈሪዎች ቤት

ፈሪ ነኝ። ይሄን ቀድሜ ብናገር ይሻላል፤ አለዚያ ቀጥሎ የማወራው ነገር አይገባም። በር ሲንኳኳ እደነግጣለሁ። ሰልፍ ላይ ሰው ሾልኮ ሲገባብኝ ጭራሽ "ይቅደሙ፣ ይቅደሙ" ብዬ እጋብዘዋለሁ። መልስ ሲጎድልብኝ ሦስት ጊዜ እቆጥርና ዝም ብዬ እሄዳለሁ።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ዕድሜዬ ሲገፋ አንድ መላ መጣልኝ። ጡንቻ ከማውጣት ጡንቻ ያለው ጓደኛ መያዝ ይቀላል። ትልቅ ውሻ ላሳድግ! ትልቅ ስል ደግሞ የምሬን ነው፤ ግሬት ዴን። እሱ ያስፈራራል፣ እኔ ገመዱን ይዤ ደረቴን ነፍቼ ከጎኑ እሄዳለሁ። የሥራ ክፍፍላችን ግልጽ ነበር።

ስለ ዝርያው ሳነብማ ልቤ ሞቀ። ስሙ "ታላቁ ዴንማርካዊ" ማለት ነው እንጂ ከዴንማርክ ጋር ዝምድና የለውም። የጀርመን ውሻ ነው፤ እነሱ "ዶይቸ ዶገ" ይሉታል። ዴንማርክን የለጠፈበት ቡፎን የሚባል የ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ የተፈጥሮ ተመራማሪ ነው፤ በዚያው ተለጥፎ ቀረ። አያቶቹ የጫካ አሳማ ገጥመው፣ አዳኙ እስኪደርስ ድረስ ነክሰው የሚያቆዩ ነበሩ። አሳማ ነክሶ የሚያቆይ ዘር! ሰልፍ የሚገቡብኝን ሰዎች አሰብኳቸው። ከልቤ አዘንኩላቸው።

ቡችላው ቤት ሲገባ ሁለት ወሩ ነበር። አብረውት ከተወለዱት ሁሉ ትንሹ ነው ተብሎ ነው የተሰጠን። ባለቤቴ አቅፋ አየችውና "ይሄ ጠብታ!" አለች። ስሙ እዚያው ጸደቀ። ያኔ ስሙ ለቁመቱ ነበር። ዛሬ ለለሃጩ ነው።

ግሬት ዴን ሲወለድ ግማሽ ኪሎ ወይ ትንሽ ከፍ ቢል ነው። ዓመት ሲሞላው 50 ኪሎን ያልፋል። መቶ እጥፍ ገደማ ማለት ነው። 3 ኪሎ የተወለደ የሰው ልጅ እንዲህ ቢያድግ፣ የመጀመሪያ ልደቱን 300 ኪሎ ሆኖ ያከብር ነበር። ሻማውን እፍ ሲል ጠረጴዛውም አብሮ ይሄዳል። ጠብታን ማታ ሳስተኛውና ጠዋት ሳገኘው ልዩነት ያለው ይመስለኝ ነበር። አንገቱ ላይ የማስርለትን ቀበቶ በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ቀይሬያለሁ፤ የራሴን ቀበቶ ከገዛሁት ስድስት ዓመቴ ነው።

አሁን ቁጭ ሲል አንገቱ ከምግብ ጠረጴዛው በላይ ይወጣል። ስንበላ የሚለምን አይመስልም። ተጋብዞ የመጣ፣ ምግቡ የዘገየበት እንግዳ ነው የሚመስለው።

ሰው ደግሞ ምክር አይነፍግም። "ወተት አብዛለት!" "ካልሲየም ስጠው፣ አጥንቱ ይጠንክር!" "ጠዋት ጠዋት አስሩጠው!" እኔ እምቢ ማለት አልችልም፤ ሁሉንም እሺ፣ እሺ አልኩ። የእንስሳት ሐኪሟ ጋ ስንሄድ የምክሩን ዝርዝር ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"ማን ነው ይሄን ያለህ?"

"ሁሉም ሰው፣ ዶክተር።"

"ከነሱ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ውሻ አሳድጎ የሚያውቅ አለ?"

አሰብኩ። አንዱ ዶሮ ያረባል።

ዶክተሯ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። የግዙፍ ዝርያ ቡችላ ችግሩ አለማደግ አይደለም፣ ቶሎ ማደግ ነው። ትርፍ ካልሲየም ሲመጣለት አንጀቱ "በቃኝ" ብሎ መመለስ ገና አይችልም፤ ያገኘውን ያስገባል። ከዚያ አጥንቱ ይጣመማል፣ መገጣጠሚያው ይበላሻል። ስለዚህ ለግዙፍ ዝርያ ቡችላ ተብሎ የተመጠነ ምግብ ብቻ። ሰውነቱ ቀጠን ይበል፤ ጎኑ ሲዳሰስ የጎድን አጥንቱ እጅ ላይ ይምጣ። ረጅም ሩጫ የለም፣ ከፍታ ላይ መዝለል የለም። አጥንቱ አድጎ እስኪጨርስ 18 ወር፣ አንዳንዴም 2 ዓመት ይፈጅበታል።

እንዳለችው አደረግኩ። ውሻው ቀጠን አለ። ይሄኔ እነዚያው መካሪዎች "ምስኪን! አያበላውም መሰለኝ" ማለት ጀመሩ።

በነገራችን ላይ ለእሱ ሁሉም ነገር በኪሎ ነው። የትል መድኃኒት በኪሎ፣ ማደንዘዣ በኪሎ፣ ቁንጫ መከላከያ በኪሎ። ጎረቤት ሩብ እንክብል ስታሰላ እኛ እሽጉን እንከፍታለን። ለዚህ ደግሞ መመዘን አለበት። ጠብታ ሚዛኑ ላይ አልወጣ አለ፤ ሚዛኑ ሲነካ ትንሽ ይንቀጠቀጣላ! ገፋነው፣ ለመንነው፣ ብስኩት አሳየነው። በመጨረሻ እኔ ቀድሜ ወጣሁ። ተከትሎኝ ወጣና ትከሻዬ ላይ አገጩን አስደገፈ። ዶክተሯ 132 አነበበች፤ የኔን 62 ቀንሳ 70 ብላ ጻፈች። ካርዱ ላይ "የባለቤቱ ክብደት" የሚል ቦታ ያለው ብቸኛ ታካሚ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

"ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል" ይባላል። ጠብታ ጥርስ ሲያወጣ የቀደደው ሶፋ ውስጥ ግን ጅቡ ከነቤተሰቡ ይገባል። ሶፋው ባይቀደድም የኛ አይደለም። ወገቡን አስቀምጦ የፊት እግሮቹን መሬት ላይ ተክሎ፣ ጋዜጣ የሚጠብቅ ጡረተኛ መስሎ ይቀመጣል። መሬት እንዳይተኛ የምንፈራው እኛው ነን፤ ከባድ ውሻ ደረቅ ወለል ላይ ሲተኛ ክርኑ ይጠነክርና ቆዳው ይወፍራል። ወፍራም ፍራሽ ገዛንለት። ከኔ ፍራሽ ይወፍራል።

ለሃጩን በተመለከተ ብዙ ማለት ይቻላል፤ ግን ምግብ ላይ ያላችሁ ትኖራላችሁ። አንድ ነገር ብቻ። ውሃ ከጠጣ በኋላ ራሱን ሲያራግፍ ለሃጩ ሁለት አቅጣጫ ይበራል። አንዱ ግድግዳ ላይ ያርፋል። ሌላውን ለሦስት ቀን ፈልገን ጣሪያ ላይ አገኘነው። አንዴ ለስብሰባ ጥቁር ሱፍ ለብሶ የመጣ እንግዳ ነበረን። ጠብታ ወደደው፤ መጣና ሙሉ ክብደቱን እግሩ ላይ አስደገፈ። ይሄ ዝርያ ሰው ሲወድ ይደገፋል። እንግዳው በጨዋነት ሳቀ፣ ቆየት ብሎ ሳቁን አቆመ፣ ከዚያ ጉልበቱ ላይ ያለውን አየ። ስብሰባው ላይ ስለመድረሱ አልጠየቅኩም።

ጭራው ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ፍጡር ነው። ሲደሰት ይቆላዋል፣ ሲቆላው ከበር ጠርዝ ጋር ያጋጨዋል፣ ጫፉ ይደማል። እንዲድን ጭራውን መቁላት ማቆም አለበት። እንዲያቆም ማዘን አለበት። እንዲያዝን ደግሞ ማነው የሚጨክንበት? ፋሻውን ስንጠቀልልለት ደስ ይለውና ይቆላዋል።

ወደ ክብሬ ልመለስ። እውነቱን ለመናገር፣ የመጀመሪያዎቹ ወራት እንዳሰብኩት ነበሩ። የሕንፃችን አሳንሰር በር ሲከፈት ከውጭ ያሉት ሰዎች ሁለት እርምጃ ወደኋላ ይላሉ። "ይግቡ" እላለሁ በትህትና። "አይ፣ አይ! እርስዎ ይቅደሙ፣ እኛ በደረጃ ነን" ይሉኛል። ስምንተኛ ፎቅ የሚኖሩት ሳይቀሩ! ይቅደሙ ተባልኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ ይቅደሙ ተባልኩ። በመስታወቱ ውስጥ ራሴን አየሁት፤ ትንሽ የረዘምኩ መሰለኝ።

ስሜን የሚያውቅ ግን የለም። ግማሹ "የጠብታ አባት" ይለኛል፣ ግማሹ "ባለውሻው ሰውዬ"። ጥያቄው ሁሌም ሦስት ነው። ይናከሳል? በቀን ስንት ይበላል? ከዚህም የሚበልጥ አለ? ለመጨረሻው መልስ አጥንቻለሁ። አሜሪካ፣ ሚሺጋን ውስጥ ዜውስ የሚባል ግሬት ዴን ነበር። በ2011 ሲለካ እስከ ትከሻው 111.8 ሳንቲ ሜትር ሆኖ የዓለም ረጅሙ ውሻ ተባለ። በኋላ እግሩ ሲቆም 2 ሜትር ከ20 ያልፋል። ሰዎች ይሄን ሲሰሙ ጠብታን በንቀት ያዩታል። "አሃ፣ ይሄ ትንሹ ነዋ!"

ጉዱ የወጣው አንድ ነፋሻ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። እየተንሸራሸርን ሳለ ፌስታል ነፋስ አንስቶት ወደኛ ተንከባለለ። ባዶ ፌስታል። ጠብታ ቆመ። ጆሮውን አስተኛ። ከዚያ አያቶቹ ከጫካ አሳማ ጋር የገጠሙት ያ ጀግና ከኋላዬ ተደበቀ። መደበቁስ ባልከፋ፤ ካልተደበቀው የተደበቀው ያንሳል እንጂ። እኔ 62 ኪሎ፣ እሱ 70። እንዲያው ዓይኑን ወገቤ ላይ ሸሸገና ዓለም ያላየው መሰለው። ፌስታሉ እግሬ ላይ አረፈ። ሁለታችንም ትንፋሻችንን ዋጥን።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ግልጽ ሆነልኝ። ጃንጥላ ይፈራል። የልብስ ማድረቂያ ይፈራል። ከሁሉ በላይ የሚፈራው ግን ፊት ለፊታችን የሚኖሩት እማማ ያሏትን ትንሽ ውሻ ነው። 3 ኪሎ ናት። ኮሪደር ላይ ስታገኘው ቆማ ትሰድበዋለች። ስድብ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። እሱ ግድግዳውን ተጠግቶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ እስክትጨርስ ይጠብቃል። እማማ "ተዪው አንቺ፣ ሕፃን እኮ ነው!" ይሏታል። 14 ዓመቷ ነው፤ ታላቁ ናት።

እዚህ ላይ አንድ የማልወደው ሂሳብ አለ። በእንስሳት ዓለም ትልቁ ከትንሹ ብዙ ይኖራል፤ ዝሆን ከአይጥ ይበልጣል። ውሾች መካከል ግን ተገላቢጦሽ ነው። ትንንሾቹ 14፣ 15 ዓመት ሲያዘግሙ፣ ግሬት ዴን ከ7 እስከ 10 ዓመት ነው። ያ ፈጣን ዕድገት ቶሎ ያስረጀዋል ይላሉ። ልቡ ይደክማል፣ አጥንቱን ካንሰር ያገኘዋል። ያ ዜውስም በ2014 ሲሞት ገና 5 ዓመቱ ነበር። ጠብታ አሁን 4 ዓመት ሊሞላው ነው። አፉ ዙሪያ ሁለት ነጭ ፀጉር አይቻለሁ። ለባለቤቴ አልነገርኳትም። እሷም አይታለች፤ አልነገረችኝም።

የሚያስፈራን ሌላው ነገር ጨጓራው ነው። ደረታቸው ጥልቅ የሆነ ትልልቅ ውሾች ጨጓራቸው በአየር ይነፋና ይዞራል፤ ደም ይቋረጣል። በሰዓታት ውስጥ ይገድላል። ምልክቱን ሸምድጃለሁ። ሊያስመልሰው ይታገለዋል፣ ግን ምንም አይወጣም፤ ሆዱ ይወጠራል፤ መቀመጫ መቆሚያ ያጣል። አንድ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ከፍራሹ ተነስቶ መንጎራደድ ጀመረ። ሆዱን ነካሁት፤ ከበሮ! ያቺው ዶክተር ጋ ደወልኩ። ጫማዬን በግራ በቀኝ አቀያይሬ አደረግኩ። ባለቤቴ ገመዱን ይዛ በሩን ስትከፍት፣ ጠብታ አንድ ረጅም፣ ቀጭን፣ የበር ማጠፊያ የመሰለ ድምፅ ከኋላው አወጣ። ቀና ብሎ ጭራውን አየው፤ ማን ነው ያለ መሰለኝ። ከዚያ ተመልሶ ተኛ። እኛ መስኮት ከፈትን።

"ለማንኛውም ይዛችሁት ኑ" አለች ዶክተሯ። ሄድን፣ ታየ፣ ደህና ነው ተባለ። ከወር በኋላ ጨጓራው እንዳይዞር ከሆዱ ግድግዳ ጋር የሚሰፋበትን ቀዶ ጥገና አሠራንለት። ሊነፋ ይችላል፣ መዞሩ ግን ይቀንሳል። አሁን ምግቡን በአንዴ ሳይሆን ለሦስት ከፍለን እንሰጠዋለን፤ እሱ ለአራት ነው የተስማማነው ባይ ነው።

ባለፈው ሳምንት ሌሊት ከባድ ዝናብ ጣለ። የመጀመሪያው ነጎድጓድ ሲያጉረመርም ጠብታ መታጠቢያ ቤት ገባ። ገባ ስል ግማሹ ነው። እኔም ፎጣ ላለብሰው ብዬ ተከተልኩት፤ ሰበብ ነው፣ መብረቅ አልወድም። ጎን ለጎን ተቀመጥን። ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ ጣለው፤ እግሬ ደነዘዘ። ልቡ ሲመታ በሱሪዬ ውስጥ ይሰማኛል።

በር ተንኳኳ።

እሱ አየኝ። እኔ አየሁት። ሁለታችንም አልተነሳንም። ባለቤቴ ከመኝታ ቤት ወጥታ፣ በመታጠቢያ ቤቱ በር በኩል አንዴ ገረመም አድርጋን አለፈችና ከፈተች። እማማ ናቸው፤ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ትንሿን ውሻ ታቅፈው።

"ብቻዬን ፈራሁ ልጄ" አሏት። "እናንተ ጋ ወንድ አለ፣ ያ የሚያህል ውሻም አለ ብዬ ነው።"

"ይግቡ እማማ፣ ይግቡ" አለች ባለቤቴ፤ ድምፅዋ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ ሳቅ ይሆናል።

ትንሿ ውሻ ከክንዳቸው ወርዳ ቤቱን አሸተተች። ቀጥ ብላ ወደ ወፍራሙ ፍራሽ ሄደች፤ መሃሉ ላይ ሁለት ጊዜ ዞረችና ተጠቀለለች። ጠብታ ከመታጠቢያ ቤት አንገቱን አውጥቶ አያት። ሄዶ የፍራሹ ጫፍ ጋ ቆመ። አንዲት እግሩን ሊያሳርፍ ሲል አጉረመረመችበት። እግሩን መለሰ። ቀስ ብሎ መሬት ላይ፣ ምንጣፉ ያለቀበት ጋ፣ ታጥፎ ተኛ።

ይቅደሙ ያላት መሰለኝ።