የቤተዘመድ ዲግሪ

ሐምሌ ሲገባ አዲስ አበባ ላይ ዝናብና ተመራቂ እኩል ይወርዳሉ። ስድስት ኪሎ በር ላይ ፎቶ አንሺዎች ካሜራቸውን በፌስታል ሸፍነው ይጠብቃሉ፤ ጋዋን የለበሰ ልጅ ብቅ ሲል እንደ ወደቀ ሳንቲም ይሻሙበታል። ልጁ መሐል ይቆማል፤ እናት በቀኝ፣ አባት በግራ፣ ከዚያ አክስት፣ ከዚያ ከክፍለ ሀገር የመጣው አጎት፣ ከዚያ ጎረቤት። መጨረሻ ላይ ቆቡ ከልጁ ራስ ይነሣና እናትየው ነጠላቸውን ሳያወልቁ ከላዩ ይደፉታል። ዲግሪው የማን እንደሆነ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው።

እኔ እንደሚገባኝ እዚህ አገር ዲግሪ የግለሰብ ሀብት ሆኖ አያውቅም፤ የቤተዘመድ ነው። ልጁ ጅማም ይሁን ጎንደር፣ ምደባው ባደረሰው ቦታ አራት አምስት ዓመት ከርሞ ያመጣዋል፤ ከመጣ በኋላ ግን ቦታው ሳሎን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ በላይ፣ ከቅዱስ ሚካኤል ሥዕል አጠገብ ነው። ባለ ፎቶው ዋሽንግተን ገብቶ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ቢቀጠር እንኳ ሳሎኑ ወሬው አይደርሰውም። ስለዚህ «ዲግሪ እኮ ዋጋ የለውም» የሚል ሰው ሲገጥመኝ፣ ዋጋውን ማን ዘንድ ሄዶ እንደ ጠየቀ አጣራለሁ። ሁልጊዜም የጠየቀው ቀጣሪን ነው። ቀጣሪ ደግሞ ስለ ዲግሪ ምን ያውቃል!

ድሮ ያውቅ ነበር። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት ተማሪው ጥቂት ነበር፤ ዲግሪውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለውን ወጣት የሚፈልገው ራሱ መሥሪያ ቤቱ ነው። ዛሬ የመንግሥቶቹ ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ከአርባ በላይ ናቸው፤ ከታች ካፌ፣ ከላይ ባንክ፣ መሐሉ ላይ ኮሌጅ ያለበት ሕንፃ የሌለው ሰፈርም የለም። ስለዚህ ተመራቂው አራት ኪሎ ወርዶ ማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት ይቆማል። «የመጀመሪያ ዲግሪ፣ 0 ዓመት የሥራ ልምድ» የሚል መስመር ሲያገኝ ፊቱ ይፈካል፤ ዜሮ በሕይወቱ ደስ ያሰኘው ያን ዕለት ብቻ ነው። ዝቅ ሲል «ብዛት፦ 1» ይላል። ከዚያም «ዋናውንና የማይመለስ ፎቶ ኮፒ ይዛችሁ»። ፎቶ ኮፒው ቃሉን ያከብራል፤ አይመለስም። መልሱም እንደዚያው።

ቢሳካለትና መንግሥት ቤት ቢገባ፣ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የዲግሪ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሎለታል። ጭማሪው በተነገረ ማግስት፣ ቤት አከራዮችም ዜና እንደሚከታተሉ ታወቀ።

በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የመውጫ ፈተና የሚባለው መጣ። መምህራኑ ሁሉ አንድ በአንድ አልፏል ያሉትን ልጅ፣ መጨረሻ ላይ ኮምፒውተር ፊት አስቀምጦ «እስኪ ለእኔም ንገረኝ» የሚል ፈተና ነው። ከመቶ 50 ያላመጣ ዲግሪ አያገኝም። በሐሳቡ ተቃውሞ የለኝም፤ ሊፈተን የሚገባው ነገር ሳይፈተን ብዙ ዓመት ሄዷል። የእኔ ቅሬታ ከበጉ ጋር የተያያዘ ነው።

በግ የሚገዛው ውጤት ሳይወጣ ነው፤ ውጤት ከወጣ በኋላማ በግ ይወደዳል። የማውቀው አንድ ቤተሰብ እንዲህ አርቆ አሰበና በጉን አሰረ፣ ድንኳኑን ተከለ፣ ልጁ በጋዋን የተነሣውን ፎቶ በትልቁ አሳትሞ በሩ ላይ «እንኳን ለዚህ አበቃህ» ብሎ ዘረጋ። የውጤት ማያው ድረ ገጽ ተጨናንቆ አልከፍት ብሎ ቆየ። እኩለ ቀን ላይ ተከፈተ፤ 48።

ቤቱ ለአፍታ ዝም አለ። በጉ ብቻ ጮኸ። እናትየው ቀድመው ከድንጋጤ ወጡና «የወደቀው ፈተናው ነው» ብለው ወሰኑ። ደግሞስ ምን ይደረጋል? አጎት ከደሴ ተሳፍሯል፣ ኬኩ ላይ ስሙ ተጽፏል፣ ጠላው ደርሷል። ግብዣው ተደረገ። የሰፈሩ ሽማግሌ ተነሥተው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «ከዚህም በላይ ያድርስህ» ብለው መረቁ፤ ድንኳኑ በሙሉ «አሜን» አለ። የቤቱ ሰው አሜን ግን ከሌላው ጎላ ያለ ነበር፤ ስንት በላይ እንደሚያስፈልገው የሚያውቀው እሱ ብቻ ነዋ።

በልቅሶም ያው ነው። ሠላሳ ዓመት ሲሚንቶ ሸጦ ሦስት ቤት የሠራ፣ ልጆቹን ያስተማረ ነጋዴ ሲያርፍ የሕይወት ታሪኩ ይነበባል፤ ሲሚንቶው በአንድ መስመር ያልፍና በማታው ክፍለ ጊዜ ተምሮ ያገኘው የማኔጅመንት ዲግሪ አንድ አንቀጽ ሙሉ ይይዛል።

ዲግሪ ዋጋው ንቅንቅ እንዳላለ ያረጋገጥኩት ግን ሽምግልና ሄጄ ነው። የላኩን የልጁ እናት ከቤት ሳንወጣ አንድ ነገር አስማሉን፦ «ባጃጁን እንዳታነሡብኝ!» ልጁ በሲቪል ምህንድስና ተመርቆ፣ ሁለት ዓመት ፎቶ ኮፒ ሲያድል ቆይቶ፣ በመጨረሻ በዕቁብና በብድር ባጃጅ ገዝቷል። ብድሩን ጨርሷል፤ እናቱን የሚጦረውም እሱ ነው። ይህ ሁሉ እንደ ነውር ተደብቆ፣ በምትኩ የምርቃት ፎቶው በፖስታ ታሽጎ ተሰጠን።

የልጅቷ አባት አያት አካባቢ ነው ቤታቸው። በሥርዓቱ ተቀበሉን፤ የመጣንበትን ጉዳይ ሰሙና «ልጃችሁ ምን ይሠራል?» አሉ።

ታላቃችን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በሲቪል ምህንድስና የተመረቀ ነው።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምን ይሠራል?»

«የተመረቀው በማዕረግ ነው።»

«እሰየው። እና ምን ይሠራል?»

መሐላው ጉሮሯችን ላይ ቆሟል። ታላቃችን ጣሪያውን አዩ፣ እኔን አዩኝ፣ «ማስተርሱን እየተማረ ነው» አሉ። የአባትየው ፊት ወዲያው በራ፤ ጥያቄውም ቀረ። የማስተርስ ትምህርት ምን እንደሚጠቅም ያኔ ገባኝ፤ «ምን ትሠራለህ» ለሚለው ጥያቄ ከዲግሪ የተሻለ መልስ ነው። ፎቶውን አውጥተን ሰጠናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አዩት፤ ለባለቤታቸውም አቀበሉ። ልጅቷ ራሷ በአካውንቲንግ ተመርቃ በቴሌግራም ጫማ ትሸጣለች፤ ይህም በዕለቱ አልተነሣም። «የባንክ ነገር ትሞክራለች» ተባልን፤ እኛም በአክብሮት ራሳችንን ነቀነቅን።

ለመልስ ተቀጥረን ስንወጣ ዝናቡ ያባራ መስሎ መልሶ ጀመረው። አባትየው ጃንጥላ ይዘው እስከ በር ሸኙን፤ «በእግራችሁማ አትሄዱም» ብለው መንገዱ ዳር የቆመችውን ባጃጅ በእጃቸው ጠሩ። ባጃጇ መጣች። ሾፌሩ የዝናብ ልብሱን እስከ አገጩ ቆልፎ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ፣ ዓይኑን ከመሪው ሳያነሣ ተቀመጠ። መልሱን መጠበቅ አቅቶት ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ዳር ቆሞ ኖሯል፤ ያወቅነው እኛ ብቻ ነን። አባትየው ዋጋ ጠየቁት፤ በቀጭን ድምፅ ነገራቸው። «በዝተሃል!» ብለው ተከራከሩ፤ በግማሽ ተስማማ። እንዲህ ቶሎ የሚረታ የባጃጅ ሾፌር አይቼ አላውቅም።

ተጨናንቀን ገባን። አባትየው ሸራውን ገለጥ አድርገው ወደ ሾፌሩ ጎንበስ አሉና «አንተ ልጅ፣ ቀስ ብለህ ንዳ» አሉት፤ «የጫንከው የኢንጂነር ቤተሰብ ነው።»