ለጂም አቦት ከንፈር አትምጠጡለት

የቤዝቦል ተጫዋቹ ጂም አቦት 87 ጊዜ አሸነፈ፣ 108 ጊዜ ተሸነፈ። ስሙ ሲነሳ ግን ሁሌም የሚወራው ስለ እጁ ነው።

ቀኝ እጁ ከአንጓው በታች የለም። ሲወለድም አልነበረም። በአንድ ግራ እጁ በአሜሪካ ትልቁ የቤዝቦል ሊግ ውስጥ ለ10 የውድድር ዘመን ተጫውቷል። ሲጫወት የሚያሳየው ቪዲዮ በተለቀቀ ቁጥር ሁለት ዓይነት ሰው አያለሁ። አንዱ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ «ምስኪን» ይላል። ሌላው «ተአምር ነው» ብሎ እጁን አፉ ላይ ይጭናል። ሁለቱም ሰውየውን አላዩትም ባይ ነኝ።

ቤዝቦል ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ፒቸር ኳሷን የሚወረውረው ተጫዋች ነው። መሃል ሜዳ ላይ ካለች የአፈር ጉብታ ላይ ይቆምና 18 ሜትር ያህል ርቆ ዱላ ይዞ ለሚጠብቀው ተጋጣሚ ይወረውራል። አንዱ ሊመታት፣ ሌላው ሊያስታት፤ ጠቡ እዚያ ላይ ነው። ኳሷ ከተመታች ግን እንደ ጥይት ተመልሳ ወደ ወርዋሪው ልትመጣ ትችላለች። ለዚህ ነው ፒቸር በአንድ እጁ እየወረወረ በሌላው ጓንት የሚያጠልቀው። አቦት ያለው አንድ ነው።

እንዲህ ነበር የሚያደርገው። ሲወረውር ጓንቱን በቀኝ ክንዱ ጫፍ ላይ ደገፍ ያደርገዋል። ኳሷ ከጣቱ እንደወጣች፣ ገና አየር ላይ እያለች፣ ግራ እጁን ሰተት አድርጎ ጓንቱ ውስጥ ያስገባል። ተመትታ ከመጣች ይቀልባታል። ከዚያ ጓንቱን በቀኝ ክንዱና በደረቱ መሃል ሸጎጥ አድርጎ እጁን ከነኳሷ ያወጣና ወደ ቤዝ ይወረውራል፤ ቤዝ የሚሉት መቺው ሮጦ ሊደርስበት የሚሞክረውን ቦታ ነው፤ ኳሷ ከቀደመችው ይወጣል። ዓይን ካልተከለ በቀር ምን እንደተደረገ የማያይ ሰው ብዙ ነው።

ይሄ ከሰማይ አልወረደለትም። አቦት የተወለደው በ1967 ሚሺጋን ውስጥ፣ ፍሊንት በምትባል የመኪና ፋብሪካ ከተማ ነው (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ልጅ ሳለ መንጠቆ ያለው ሰው ሠራሽ እጅ ተገጥሞለት ነበር። አልወደደውም፣ ጣለው። ጓንት ማቀያየሩን ከአባቱ ጋር ሆነው ለመዱት። ከዚያ ለብቻው ከጡብ ግድግዳ ጋር ተያያዘው። ኳሷን ግድግዳው ላይ ይወረውራል፣ ነጥራ ስትመለስ ጓንቱን አጥልቆ ይቀልባል። ሲለምደው አንድ እርምጃ ወደ ግድግዳው ይጠጋል። እንደገና ሲለምደው ደግሞ ይጠጋል። ግድግዳ አያዝንም። ቀርፈፍ ካልክ ኳሷ አልፋህ ትሄዳለች፣ በቃ።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እያለ አንድ ተጋጣሚ ቡድን ብልሃት አገኘሁ አለ። ቤዝቦል ውስጥ ኳሷን በኃይል ሳይመቱ በዱላው ነካ አድርጎ ቅርብ መጣል ይቻላል። በንት ይሉታል። ፒቸሩ ሮጦ ማንሳትና ወዲያው መወርወር አለበት። አንድ እጅ ያለው ልጅ እንዴት ይደርስባታል? ተጫዋቾቹ ተራ በተራ በንት ያደርጉበት ጀመር። የመጀመሪያው አመለጠ። ተከታዮቹን አቦት አንድ በአንድ እያነሳ፣ እየወረወረ አስወጣቸው።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «እንዴት ይጨክኑበታል!» ይላል። እኔ እንዲህ አላይም። እነዚያ ልጆች ማሸነፍ ፈልገው ደካማ ነው ያሉትን ቦታ ፈተሹ። የትኛውም ፒቸር ላይ የሚያደርጉትን ነው ያደረጉት። ቢራሩለትና በንት ባይሞክሩ ኖሮ፣ አቦት ያንን ኳስ ማንሳት እንደሚችል ማን ያውቅ ነበር?

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነው። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ በ1987 ከአሜሪካ ቡድን ጋር ሃቫና ሄዶ ኩባን በሜዳዋ አሸነፈ። በ1988 በሴኡል ኦሊምፒክ፣ ቤዝቦል ገና ለማሳያ ብቻ በሚካሄድበት ጊዜ፣ የመጨረሻውን ጨዋታ ከዳር እስከ ዳር እሱ ወርውሮ አሜሪካ ጃፓንን 5 ለ 3 ረታች። በዚያው ዓመት ካሊፎርኒያ ኤንጅልስ የተባለው ቡድን በወጣት ተጫዋቾች ምርጫ 8ኛ አድርጎ ወሰደው። አብዛኛው ወጣት ታች ባሉት ሊጎች ዓመታት ይገፋል። እሱ በ1989 በቀጥታ ትልቁ ሊግ ገባ። በ1991 18 አሸንፎ 11 ተሸነፈ፣ በሊጉ የዓመቱ ምርጥ ፒቸር ምርጫም 3ኛ ወጣ። በ1992 ደግሞ ተጋጣሚዎቹ በ9 ዙር በአማካይ 2.77 ነጥብ ብቻ ነው ያገኙበት፤ ግሩም ቁጥር ነው። ግን ጓደኞቹ ነጥብ አላስቆጥር ብለው 7 አሸንፎ 15 ተሸነፈ። ፒቸር መሆን እንዲህ ነው። ሥራህን ሠርተህም ሽንፈቱ በስምህ ይጻፋል።

ከዚያ ኒው ዮርክ ያንኪስ ወሰደው። መስከረም 4 ቀን 1993 ከክሊቭላንድ ኢንዲያንስ ጋር ሲጋጠሙ ወረወረ። ከስድስት ቀን በፊት እነዚሁ ክሊቭላንዶች አራት ዙር እንኳ ሳይሞላ 7 ነጥብ አስቆጥረውበት ከሜዳ ወጥቶ ነበር። ቀላል ቡድን እንዳይመስላችሁ። ኬኒ ሎፍተን አለ፣ አልበርት ቤል አለ፣ ጂም ቶሚ አለ፣ ሊጉን ከተቀላቀለ ገና ሦስተኛ ቀኑ የሆነ ማኒ ራሚሬዝ የሚባል ልጅም አለ።

ዙሮቹ አለፉ። አንድም ሰው መትቶ ቤዝ አልደረሰም። እንዲህ ያለ ጨዋታ ኖ ሂተር ይባላል፤ ብዙ ታላላቅ ፒቸሮች ዕድሜ ልካቸውን ሳያገኙት ጡረታ ወጥተዋል። ዘጠነኛው፣ የመጨረሻው ዙር ደረሰ። መጀመሪያ የቀረበው ሎፍተን ነው፤ በእግሩ ንፋስ የሆነ ልጅ። ምን አደረገ? በንት ሞከረ።

ስታዲየሙ በጩኸት ተቃወመው። በቤዝቦል ያልተጻፈ ሕግ አለ፤ ኖ ሂተር ሊፈጸም ሲል በበንት ማበላሸት ነውር ነው። አንድ እጅ ባለው ሰው ላይ ሲሆን ደግሞ ለተመልካቹ ነውሩ እጥፍ ሆነ። እኔ ግን ከዚያ ቀን ሰዎች ሁሉ ሎፍተንን እወዳለሁ። ኳሷ ከመስመር ውጪ ወጣች እንጂ፣ ሎፍተን በዚያች ሰከንድ ፊቱ ያየው አንድ የሚያስቸግር ፒቸር ነበር። ሊያሸንፈው ፈለገ። ከዚያ በላይ ክብር ከየት ይመጣል?

ሎፍተን በመጨረሻ መሬት ለመሬት መትቶ ወጣ። ቀጥሎ ፌሊክስ ፈርሚን ሩቅ መታት፤ የያንኪሱ በርኒ ዊሊያምስ ሮጦ ሮጦ መሬት ሳትነካ ቀለባት፤ እሱም ወጣ። ሦስተኛው ካርሎስ ባየርጋ መታ፣ የያንኪሱ ራንዲ ቬላርዴ አንስቶ ወደ አንደኛ ቤዝ ወረወረ። አለቀ። 4 ለ 0።

የሚዞረው ቪዲዮ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ይቆማል። እኔ ከዚህ በኋላ ያለውን ነው የምወደው።

በ1996፣ ወደ ኤንጅልስ ተመልሶ ሳለ፣ 2 አሸንፎ 18 ተሸነፈ። በ9 ዙር በአማካይ 7.48 ነጥብ ተቆጠረበት። እንደዚያ ያለ ዓመት ማንንም አንገት ያስደፋል። ቡድኑ ዝም ብሎ አላየውም፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ታችኛው ሊግ አወረደው። ማንም «እጁ ነው» ብሎ ሰበብ አላበጀለትም። የኳሷ ፍጥነት ወርዷል፣ ተጋጣሚ እየመታው ነው፣ ስለዚህ ወረደ። 1997ን ሳይጫወት አሳለፈ። በ1998 ከታች ተነስቶ ከቺካጎ ዋይት ሶክስ ጋር ተመለሰ፣ 5 ጨዋታ አሸነፈ፣ አንድም አልተሸነፈም።

በ2005 ስሙ የቤዝቦል ታላላቆች ለሚዘከሩበት ለዝነኞች አዳራሽ ምርጫ ቀርቦ አላለፈም። ትክክል ነው እላለሁ። ጎበዝ ፒቸር ነበር፤ ከታላላቆቹ ተርታ አልነበረም። ድምፅ ሰጪዎቹ አዝነውለት ቢያስገቡት ኖሮ፣ ያንን 87 ለ 108 በሙሉ በአንድ ምሕረት ይሰርዙበት ነበር።

ከንፈር መምጠጥ የኛም አመል ስለሆነ ነው ይህን የምጽፈው። አንድ አካል ጉዳተኛ ልጅ ሰፈር ውስጥ ኳስ ልጫወት ሲል «አንተ እዚያ ቁጭ በል፣ ትጎዳለህ» እንለዋለን። ከክፋት አይደለም፤ አንጀታችን ስለሚላወስ ነው። ወይም ደግሞ እናስገባውና ኳሷ እሱ ጋ ስትደርስ ሁሉም ቆሞ ያሳልፈዋል፣ ያጨበጭብለታል። ልጁ ሞኝ አይደለም፣ ይገባዋል። ያ ልጅ ጎል የማግባት ብቻ ሳይሆን ኳስ የመነጠቅ፣ የመሸነፍ፣ ነገ ተበሳጭቶ የመመለስ መብትም አለው። እሱን ነው የምንነሳው።

አቦት በሄደበት ከተማ ሁሉ እጅ የሌላቸው ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር ስታዲየም ይመጡ ነበር። ከጨዋታ በፊት ያገኛቸዋል፣ ያወራቸዋል። ደብዳቤም ይጽፉለታል፣ ይመልስላቸዋል። እነዚያ ልጆች ከሱ ያዩት ትልቁ ነገር የ1993ቱ ቀን አይመስለኝም። ትናንት ሜዳ ላይ ክፉኛ የተሸነፈው ሰው ዛሬም ማልያውን ለብሶ፣ ከሌሎቹ ጋር ተሰልፎ ሲወጣ ማየታቸው ነው።

የመጨረሻው ዓመቱ 1999 ነው። ሚልዋኪ ብሩወርስ ገባ። የሚልዋኪ ሊግ ውስጥ በዚያን ጊዜ ፒቸሮችም ተራቸው ሲደርስ ዱላ ይዘው መምታት ነበረባቸው። አቦት ዱላውን ይዞ ቀረበ። በዚያ ዓመት ከ21 ሙከራ 2 ጊዜ ብቻ ነው የተሳካለት። ሁለቱንም ያገኘው ቺካጎ ከብስ በተባለው ቡድን ፒቸር በጆን ሊበር ላይ ነው። ሊበር እንደ ማንም ወረወረለት፣ አቦት መታው፣ ከዚያ ወደ አንደኛ ቤዝ ሮጠ።