የእንክብካቤ ዕቅድ የሌለው የአትክልት ንድፍ ግማሽ ሥራ ነው

የአንድ ግቢ አትክልት ተነድፎና ተተክሎ ባለቤቱ የሚረከብበት ቀን ደስ ይላል። ሣሩ ተነጥፏል፣ ቁጥቋጦው ተጠጋግቶ አፈር አይታይም፣ አበባው ፈክቷል። እኔ የምጠራው ከዚያ ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ ነው። ሥራዬ ሌላ ሰው የነደፈውን አትክልት መንከባከብ ሲሆን፣ ባለቤቶቹ አስቀድመው የሚጠይቁኝ «ምን በሽታ ገባበት?» ብለው ነው። ብዙውን ጊዜ በሽታ አላገኝም። የማገኘው ከርክክቡ በኋላ ስላለው ጊዜ ማንም ያላሰበበት ንድፍ ነው።

ስለዚህ አቋሜን በግልጽ ልናገር። ተክሉ በየወቅቱ ምን እንደሚፈልግ፣ ማን እንደሚሠራውና ስንት ሰዓት እንደሚወስድ ጽፎ ያልሰጠ ባለሙያ ያስረከበው ግማሽ ሥራ ነው። ደንበኛውም ሙሉ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ቀሪውን ግማሽ መጠየቅ አለበት።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የአተካከል ርቀት ነው። ሲያድግ ወደ ጎን 2 ሜትር የሚሰፋ ቁጥቋጦ በ60 ሳንቲ ሜትር ርቀት ተተክሎ አገኛለሁ፤ በርክክቡ ቀን ሞልቶ እንዲታይ ሲባል። በሁለተኛው ዓመት ቅርንጫፎቹ ይጠላለፋሉ። በሦስተኛው የውስጡ ቅጠል ብርሃን አጥቶ ይረግፋል፤ አየር በደንብ ስለማይዘዋወርም ሻጋታ በቀላሉ ይይዘዋል። ባለቤቱ ሲጨንቀው መቀስ አንሥቶ ሁሉንም እኩል ይከረክማል፤ በቀጣዩ ዓመት አበባ የለም። እንደ ሊላክና ፎርሲትያ ያሉት የአበባ ቁጥቋጦዎች የሚያብቡት ባለፈው ዓመት ባደገ ቅርንጫፍ ላይ ነው። እንቡጡ ከወራት በፊት ስለሚዘጋጅ፣ ሊያብቡ ሲሉ ከተገረዙ የዓመቱ አበባ አብሮ ይቆረጣል። መገረዝ ያለባቸው አበባቸው እንዳበቃ ነው። በዚያው ዓመት በወጣ ቅርንጫፍ ላይ የሚያብበው ቡድልያ የተባለው ቁጥቋጦ ግን አዲስ እድገት ከመጀመሩ በፊት ሲገረዝ ይበረታል። ሁለቱን ጎን ለጎን ተክሎ ይህን ሳይናገር መሄድ ባለቤቱን ማሳሳት ነው።

ቁጥቋጦውን በልኩ አራርቆ፣ ክፍተቱን ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በዓመታዊ አበቦች መሸፈን ይቻላል። ባዶው ቦታ ለምን እንደተተወ ለደንበኛ ማስረዳት ድፍረት የሚጠይቅ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሙያ የሚባለው ግን ይህም ጭምር ነው።

አፈሩስ? ግንባታ በተካሄደበት ግቢ ከባድ መኪና መሬቱን ይጠቀጥቀዋል፤ ከዚያ በላዩ ስስ የጥሩ አፈር ሽፋን ተበትኖ ይተከልበታል። 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍሮ ውሃ መሙላት፣ ሲሰርግ እንደገና ሞልቶ በሰዓት ስንት እንደሚቀንስ መለካት ማንም የሚችለው ነገር ነው። ከ2.5 ሳንቲ ሜትር በታች ከሆነ ውሃው ይተኛል፣ ሥሩም አየር ያጣል። እንዲህ ባለ መሬት ላይ የማጠጫ ቧንቧ መዘርጋት ጉዳቱን ያባብሰዋል።

ስለ ዛፍ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ግንዱ ወደ ሥሩ ሰፋ የሚልበት ቦታ ከአፈር በላይ መታየት አለበት፤ አፈሩን ለመሸፈን የሚነጠፈው የቅጠልና የእንጨት ፍርፋሪ ጉዝጓዝም ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ይበቃዋል፣ ግንዱን ግን መንካት የለበትም። ግንዱ ሥር እንደ ጉብታ የተከመረ ጉዝጓዝ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የማደርገው በእጄ መግፋት ነው።

ንድፍና እንክብካቤ አንድ ሥራ መሆናቸውን የሚያሳይ ታሪክ አለ። በእንግሊዝ አገር ሶመርሴት ውስጥ ሄስተርኮም የሚባል የአትክልት ስፍራ ይገኛል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ የአትክልት ንድፍ አውጪዋ ጌርትሩድ ጄኪል ተክሉን፣ አርክቴክቱ ኤድዊን ሌትየንስ ግንቡንና ደረጃውን ነደፉት። ከጊዜ በኋላ እንክብካቤው ላልቶ የጄኪል ተከላ ጠፋ፤ ድንጋዩ ቀረ። በ1970ዎቹ የጄኪል የተከላ ዕቅድ በአትክልተኞች ዕቃ ቤት ውስጥ ተገኘና በዚያ መሠረት እንደገና ተተከለ። የትኛው ተክል የት እንደሚቆም ወረቀቱ ላይ ባይሰፍር ኖሮ ዛሬ የሚታየው ግንቡ ብቻ ይሆን ነበር።

በዘመናችን ደግሞ ሆላንዳዊው የአትክልት ንድፍ አውጪ ፒት ኡዶልፍ አለ። ተክል ሲመርጥ አበባው ከረገፈ በኋላ ግንዱና የዘር ፍሬው ደርቆ ምን እንደሚመስል ጭምር ይመለከታል። ተከላውን በነደፈው፣ በአሮጌ የባቡር ድልድይ ላይ በተሠራው የኒው ዮርክ መናፈሻ ሃይ ላይን፣ የደረቀው ተክል የብርዱን ወራት ሙሉ ቆሞ ይቆይና ብርዱ ሊያበቃ ሲል በሠራተኞችና በበጎ ፈቃደኞች እጅ ይታጨዳል። የማጨጃው ጊዜ የንድፉ አካል ነው። እኔ የምጠይቀውም ይህንኑ ነው።

ንድፍ አውጪዎች መልስ አላቸው፤ ደንበኛው ቶሎ የሞላ ነገር ይፈልጋል፣ ለእንክብካቤ ደግሞ መክፈል አይፈልግም ይላሉ። እውነት አለበት። እንዲህ ያለ ደንበኛ ሲመጣ ግን የሚበጀው አነስ ያለ ንድፍ ነው። መጀመሪያ ሲገናኙ «በሳምንት ስንት ሰዓት ይኖርዎታል?» ተብሎ ይጠየቅ። መልሱ አንድ ሰዓት ከሆነ፣ በየጊዜው መከርከም የሚፈልግ የተክል አጥርና ሰፊ ሣር ወረቀቱ ላይ ባይገቡ ይሻላል። አዲስ የተተከለ ዛፍ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በደረቅ ወራት ውሃ በጥልቀት ማግኘት አለበት፤ ይህን የሚያደርግ ሰው ከሌለም የዛፉ ቁጥር ይቀነስ።

በቅርቡ ከተጠራሁበት ግቢ ከ18 ቁጥቋጦዎች 11ዱን ነቀልኩ። ሦስቱን ወደ ሌላ ጥግ አዛወርናቸው፤ የቀሩት ስምንቱ ሥራቸው ተቆላልፎ አልተረፉም። የቤቱ እመቤት አጠገቤ ቆመው ሲያዩ ቆዩና «የእያንዳንዱ ስፋት ንድፉ ላይ ተጽፎ ነበር ይሆን?» ብለው ጠየቁኝ። ገብተው ወረቀቱን አመጡት፤ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን አየነው። 18ቱም ክቦች እኩል ነበሩ።