ባያጠፋ ኖሮ አይዘጋበትም ነበር

ሰሞኑን ሠርግ እየቀረጸ የሚተዳደር የአንድ ወጣት የቪዲዮ ቻናል ተዘጋ። ሙሽራዋ ወደ አዳራሹ ስትገባ ከበስተጀርባ የሚሰማውን ዘፈን «የእኔ ነው» ያለ ሰው አመለከተ። አመልካቹ በእርግጥ የዘፈኑ ባለቤት ይሁን አይሁን የጠየቀው የለም። ደጋግሞ አመለከተ፤ ቪዲዮዎቹ የሚለጠፉበት መድረክም ቻናሉን ከነሙሽሮቹ፣ ከነሚዜዎቹ፣ ከነኬክ ቆረሳው ደምስሶት አረፈ። እንዲህ ያለውን ወሬ ለምዳችሁታል። እኔ አልለመድ ያለኝ ወሬው በተሰማ ሩብ ሰዓት ውስጥ የሚከተለው እልልታ ነው። «እሰይ! ባያጠፋ ኖሮ አይዘጋበትም ነበር!»

እነዚህን ሰዎች እስከ ዛሬ ሳናመሰግን መቅረታችን ያሳፍራል። የሰው ልጅ ስንት ሺሕ ዘመን በከንቱ ደክሟል! ዳኛ ሾሟል፣ ችሎት ሠርቷል፣ ምስክር አምሏል፣ ጠበቃ ቀልቧል። እኛም ብንሆን በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 20 ላይ የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ ሳለ እንደ ጥፋተኛ አይቆጠርም ብለን ጽፈን ወረቀትና ቀለም አባክነናል። ደግሞ ፍርድ ቤት የተመላለሰ ሁሉ ጣጣውን ያውቀዋል፤ ዳኛው ለስብሰባ ወጥተዋል፣ መዝገቡ አልቀረበም፣ ለሚቀጥለው ወር ተቀጥሯል። የ«ባያጠፋ» ማኅበርተኞች ግን ነገሩን ሁሉ አቦሉ ተቀድቶ ሳይቀዘቅዝ ይጨርሱታል። ክሱን አላነበቡትም፤ ስላላነበቡትም አያዳሉም። የተከሳሹን ቃል አልሰሙም፤ ስላልሰሙም አይታለሉም። የማስረጃ ሕጋቸው ደግሞ እንዴት ያማረ ነው! ለምን ተዘጋበት? ስላጠፋ። ማጥፋቱ በምን ታወቀ? በመዘጋቱ። ይግባኝ ቢባል እንኳ የት ይባላል?

ይህ ጥበብ የእኛ ብቻ አይምሰላችሁ። ታላቁ ገድል የተሠራው አሜሪካ ውስጥ ነው። በ2008 (ዓመቶቹ ሁሉ በእነርሱ አቆጣጠር ናቸው) የወጣ ሕግ፣ የቅጅ መብት ተጥሶበታል የተባለን ንብረት መንግሥት የመያዝና የመውረስ ሥልጣኑን አሰፋለት። ከሁለት ዓመት በኋላ የኢሚግሬሽንና የጉምሩክ መሥሪያ ቤቱ በድረ ገጾች ላይ ዘመቻ ጀመረ። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ መርማሪ ቃለ መሐላ ይጽፋል፤ የገጹ ባለቤት በሌለበት ዳኛ ፊት ይቀርባል፤ ዳኛው ይፈርማል፤ ትእዛዙም በዶት ኮም የሚያልቁትን ስሞች ወደሚያስተዳድረው ኩባንያ ይሄዳል። ባለቤቱ ነገሩን የሚያውቀው ጠዋት ተነሥቶ የገዛ ገጹን ሲከፍትና የመንግሥት ማኅተም ሲያፈጥበት ነው።

በኖቬምበር 2010 መጨረሻ በአንድ ዙር 82 የድረ ገጽ ስሞች ተያዙ። ብዙዎቹ አስመስለው የተሠሩ ቦርሳዎች፣ ጫማዎችና መነጽሮች የሚሸጡ ነበሩ፤ ለእነርሱ የማለቅስ ሰው አይደለሁም። ከመካከላቸው ግን ስለ ሂፕ ሆፕ ሙዚቃ የሚጽፍ ዳጃዝ ዋን የሚባል ድረ ገጽ ነበረበት። ይህን ታሪክ ማውራት ስጀምር ወዳጆቼ ሰዓታቸውን እንደሚያዩ አውቃለሁ፤ ቢሆንም አልተወውም።

በቃለ መሐላው ላይ ለማስረጃነት የተጠቀሱት አራት ዘፈኖች ነበሩ። የድረ ገጹ ባለቤት ወዲያው ኢሜይሎቹን አውጥቶ ለጋዜጠኞች አሳየ። ዘፈኖቹን የላኩለት የአሳታሚዎቹ ሠራተኞችና የማስታወቂያ ሰዎቻቸው ራሳቸው ነበሩ፤ «አስተዋውቅልን» ብለው። እዚህ ላይ የእኛ ማኅበርተኛ «ታዲያ ለምን ተቀበለ?» ይላል። ትክክል! ስጦታ የተቀበለ ሰው ንጹሕ ሊሆን አይችልም።

ሕጉ እንዲህ ላለው ነገር የጊዜ ገደብ አለው። መንግሥት ንብረቱን ከያዘ በኋላ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ለባለቤቱ ያስታውቃል፤ ባለቤቱ «የእኔ ነው» ብሎ ካመለከተ መንግሥት በ90 ቀን ውስጥ ወይ የውርስ ክስ ይመሠርታል፣ ወይ ይመልሳል። ባለቤቱ አመለከተ። ቀኑ አለፈ። ክስ የለም፤ ድረ ገጹም የለም። ጠበቃው ዐቃቤ ሕጉን ጠየቀ። ምልልሱን በራሴ አማርኛ ላሳጥረው፦

ቀኑ አልፏል እኮ።

ፍርድ ቤት ማራዘሚያ ሰጥቶናል።

ትእዛዙን አሳዩኝ።

አይቻልም፤ ታሽጓል።

ማመልከቻችሁንስ?

እርሱም ታሽጓል።

እንግዲያው ዳግመኛ ስታራዝሙ አስቀድማችሁ ንገሩኝና ልቃወም።

ከዚያም ዳግመኛ ተራዘመ፤ ነገሩም ያው ታሽጓል። ለሦስተኛ ጊዜ ተራዘመ፤ ታሽጓል። ጠበቃው የደንበኛውን መዝገብ ቢፈልግ በሕዝብ ዘንድ እንዲህ የሚባል መዝገብ የለም። ማለት አለ፤ ግን ታሽጓል። ገና አለፈ፤ ድረ ገጹ ታሽጓል። ጥምቀት ወጣ፣ ፋሲካ ገባ፣ ክረምቱ ጨለማውን ይዞ መጣ፤ ድረ ገጹ ታሽጓል። እንቁጣጣሽ ተዘፈነ፣ ደመራ ተለኮሰ፣ ኅዳርም ታጠነ። በሂፕ ሆፕ ዓለም በዚህ ጊዜ ውስጥ ስንት ዘፋኝ ገንኖ፣ ተጣልቶ፣ ታርቆ፣ ተረስቷል! አራቱ ዘፈኖች ራሳቸው አርጅተው የሚያስታውሳቸው ጠፍቷል። የእኛ ማኅበርተኛ ግን በዚህ ሁሉ ወራት አንድ ቀን እንኳ አልተጠራጠረም። አንድ ጊዜ ሲራዘም «ከባድ ጥፋት ነው ማለት ነው» አለ። ሁለተኛ ሲራዘም «አላልኳችሁም?» አለ። ሦስተኛው ሲራዘም ነገሩ የዓለም አቀፍ ወንጀለኞች መረብ እንደሆነ ደረሰበት።

ዲሴምበር 8 ቀን 2011 ድረ ገጹ ተመለሰ። ክስ አልቀረበም፤ ይቅርታም አልተጠየቀም። በቀጣዩ ዓመት የታሸገው መዝገብ ሲከፈት የመዘግየቱ ምክንያት ታወቀ፤ መርማሪዎቹ ለካ የከሳሾቹን፣ የሙዚቃ አሳታሚዎቹን፣ ማኅበር መልስ ሲጠብቁ ነበር። «ተጥሷል» ያሉት ሰዎች ምኑ እንደተጣሰ እስኪናገሩ!

ከዓመት በላይ! የሰው አፍ ከዓመት በላይ ተለጉሞ፣ እንጀራው ተዘግቶ፣ ማስረጃው ገና ሊፈለግ! መጀመሪያ ቀጥቶ ኋላ ጥፋት መፈለግ በየትኛው አገር፣ በየትኛው ቋንቋ ፍትሕ ይባላል? ጠበቃው ለማንበብ ያልተፈቀደለትን ማመልከቻ በምን ይቃወመው? በምሽት ቤት ሰብሮ የገባ ሌባ እንኳ የተከሰሰበትን ወረቀት ይሰጡታል። ይህንን ሰምቶ «ሌላ ያጠፋው ነገር ይኖራል» የሚል ሰው ነገሩ ስላልገባው አይደለም፤ ሌላው ሲመታ ደስ ስለሚለው ነው።

ይቅርታ፤ ምስጋና ላይ ነበርን።

በፌብሩዋሪ 2011 ደግሞ እነዚያው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በሕፃናት ላይ የሚፈጸም ጥቃት ምስሎችን ለማስወገድ በሌላ ዘመቻ ላይ ሳሉ፣ አንድ ስም ሲይዙ በሥሩ የነበሩ 84 ሺሕ ያህል ድረ ገጾች አብረው ተያዙ። አብዛኞቹ የተራ ሰዎችና የትናንሽ ድርጅቶች ነበሩ። ደንበኛ ገጻቸውን ሲከፍት የሚያየው፣ ገጹ በዚያ አሳፋሪ ወንጀል ምክንያት መያዙን የሚናገር ማስታወቂያ ነው። ስሕተቱ ቶሎ ታወቀና ተመለሰ። በማኅበርተኞቻችን ስሌት ግን 84 ሺሕ ወንጀለኛ በአንድ ጀምበር ተያዘ፤ ስንት ሆነው ነው ያመለጡት ብለው ሳይጨነቁ አይቀሩም።

የመንግሥቱ ዘመቻ እንኳ ዳኛ ያስፈርም ነበር። አሁን ያለው ከዚያም ይረቃል። በ1998 በወጣው የአሜሪካ የዲጂታል ቅጅ መብት ሕግ መሠረት፣ አንድ ሰው «ይህ ሥራ የእኔ ነው» ብሎ ካመለከተ መድረኩ ራሱን ከተጠያቂነት ለማዳን ሥራውን ቶሎ ያወርዳል። «አይ፣ በስሕተት ነው» የሚለው ደግሞ መቃወሚያ ያስገባል፤ ከሳሹ ፍርድ ቤት ካልሄደ ከ10 እስከ 14 የሥራ ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይመለስለታል። መልካም ነው። ግን መቃወሚያው ላይ ስምህን፣ አድራሻህንና ስልክህን ትጽፋለህ፤ አሜሪካ ፍርድ ቤት ብትከሰስ እንደምትቀርብም ትስማማለህ። ደሴ ወይም ጅዳ ተቀምጦ የእኅቱን ሠርግ የለጠፈ ሰው ይህንን አንብቦ ምን ያደርጋል? ቪዲዮውን ይረሳዋል። ማኅበርተኛውም ያጨበጭባል፤ «አየህ፣ መቃወም እንኳ አልቻለም!»

እዚያው አሜሪካ ውስጥ በ2007 አንዲት እናት ሕፃን ልጇ ወጥ ቤት ውስጥ ሲወዛወዝ 29 ሰከንድ ቀርጻ ለጠፈች። ከኋላ ዘፈን ይሰማ ስለነበር ወረደባት። ተከራከረች። አቤቱታ የሚልክ ሰው አስቀድሞ «አጠቃቀሙ በሕግ የተፈቀደ ይሆን?» ብሎ ማሰብ አለበት የሚለውን ውሳኔ ከይግባኝ ፍርድ ቤቱ ያገኘችው በ2015 ነው። ሕፃኑ አድጎ ተማሪ ሆኗል።

ዛሬ በየቪዲዮው ዘፈን የሚያስሰው ማሽን ግን አያስብም፤ ያመሳስላል። በድሮ ዘመን ሌባሻይ የሚባል ነገር ነበረን። ንብረት ሲጠፋ አንድ ልጅ መድኃኒት ያጠጡትና እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት «ሌባው እርሱ ነው» ይባል ነበር። የዛሬው ሌባሻይ ኮምፒውተር ነው። ድምፅ አጠጥተው ይለቁታል፤ የወደቀበት ሁሉ ሌባ ነው። የድሮው ቢያንስ እስከ ደጅህ ድረስ በእግሩ ይመጣ ነበር፤ ሲንገዳገድም ሰፈሩ ሁሉ ያየው ነበር። ደግሞ ጮሌዎቹን አትርሱ። የአያቶቻችንን የሠርግ ዜማ በኪቦርድ ደግሞ ቀርጾ «ግጥምና ዜማ የራሴ» ብሎ ያስመዘገበ አንድ ጀግና፣ ከዚያ ወዲህ በአገሩ ላይ የሚጨፈርበትን ሠርግ ሁሉ ማስወረድ ይችላል። የእኛ ማኅበርተኛ ለእርሱም ያጨበጭባል፤ መብቱን ያስከበረ ሰው ነዋ!

ወዲያ ማዶ የቆሙትም ምስጋናቸው አይቅርባቸው። አልበሙ በወጣ በሰዓታት ውስጥ ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው ለጥፎ፣ ከላዩ የራሱን ስልክ ቁጥር ጽፎ፣ ሲጠየቅ «ማስታወቂያ ሠራሁለት እኮ» የሚለው በጎ አድራጊ አለ። ዘፋኙ ተበድሮ፣ ስቱዲዮ ለስቱዲዮ ተንከራቶ ለሠራው ሥራ ምስጋና አነሰኝ ብሎ ቅር የሚለውም ይኸው ለጣፊ ነው። ለዚህ ሰው የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህኛው ዓመት በእኛው አቆጣጠር ነው) ወጥቶለታል፤ ይከሰስ፣ ይከራከር፣ ከተረታም ይክፈል። እልልታው ግን ለዘፋኙ አንድ ሳንቲም አስገብቶለት አያውቅም። የሠርጉ ቻናል ሲዘጋ የየትኛው ዘፋኝ ኪስ ሞላ?

በጃንዋሪ 2012 የአሜሪካ ምክር ቤት ድረ ገጽ ማገድን የሚያቀል ሕግ ሊያወጣ ሲል የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ለአንድ ቀን ገጹን አጥቁሮ ዋለ። ያን ዕለት ሰው ሁሉ ስለ መደመጥ መብት ሊቅ ሆነ፤ የቤት ሥራው ቀርቶበታልና። ሕጉም ተንጠልጥሎ ቀረ። በማግስቱ ሜጋአፕሎድ የተባለው የፋይል ማከማቻ ድረ ገጽ ሲዘጋ ግን የራሳቸውን ፎቶና ሰነድ ያስቀመጡ ሰዎች ፋይል አብሮ ተቆለፈና ብዙው ሰው ወደ እልልታው ተመለሰ፤ «እዚያ ማን አስቀምጡ አላቸው?»

የማኅበሩ አባላትም አንድ ቀን ተራቸው ይደርሳልና የማጽናኛ ቃል አዘጋጅቼላቸዋለሁ። ከራሴ አላመጣሁትም። ሮሃዲሬክታ የሚባል የእግር ኳስ ማሰራጫዎችን አድራሻ የሚጠቁም የስፔን ድረ ገጽ ነበር። የአገሩ ፍርድ ቤቶች ሁለት ጊዜ «ሕግ አልጣሰም» ብለውት ሳለ በ2011 መጀመሪያ አሜሪካ የዶት ኮም ስሙን ያዘችበት። «ተጎዳሁና መልሱልኝ» ብሎ ቢያመለክት የኒውዮርኩ ዳኛ አልተቀበሉትም፤ ሌሎች ስሞች አሉህ፣ ለደንበኞችህ አዲሱን ስም መንገር ትችላለህ የሚል መልስ ነበር የተሰጠው። በ2012 መንግሥት ራሱ ጉዳዩን ትቶ ስሙን መለሰለት።

እንግዲህ ወዳጄ አጨብጫቢ፣ ለዓመታት የሰበሰብከው ገጽ አንድ ጠዋት ጠፍቶ ወደ እኔ ስትመጣ አትደንግጥ፤ ሌላ ስም አውጥተህ ክፈት፣ ለተከታዮችህም አንድ በአንድ ደውለህ ንገራቸው። «ምን አጥፍቼ ነው?» ካልከኝም መልሱ አለኝ፤ ግን ታሽጓል።